«መብራት የለም እኮ፣ እማማ!»

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ውስጥ ነው፤ ቀኑ ቅዳሜ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ገደማ። እንደ ልማዱ ላሊበላ መብራት ጠፍቷል። ከሰል አያይዤ ቡና ላፈላ ስሰናዳ ከጓዳ ብረት ከብረት ሲጋጭ ሰማሁ። ገብቼ ባይ የልጅ ልጄ መሬት ላይ ተቀምጦ አንድ አሮጌ ማይክሮዌቭ ፈታቶ ዘርግቶታል። በአንድ እጁ ካቻቢቴ ይዟል፤ ሌላው እጁ ዕቃው ሆድ ውስጥ ነው።

«ኧረ ተው ልጄ፣ ይይዝሃል!» ብዬ ጮህኩ።

«መብራት የለም እኮ፣ እማማ! ምን ይይዘኛል?» አለኝ እየሳቀ።

ልጁ 16 ዓመቱ ነው፤ አሥራ አንደኛ ክፍል ይማራል። ሞኝ አይደለም። ብዙዎቻችን እንደምናስበው አስቦ ነው፤ መብራት ከሌለ አደጋም የለም ብሎ። እኔ ግን ከ30 ዓመት በላይ በነርስነት ያገለገልኩ ሰው ነኝ። ኤሌክትሪክ የያዘው ሰው ምን እንደሚመስል አይቻለሁ። ኮሌታውን ይዤ ወደ ኋላ ሳብኩት። እሱም ተቆጣ፣ እኔም ተቆጣሁ፣ ቡናውም ገነፈለ።

በሰፈራችን ራዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግን ሰው አለ፤ አስጠራሁት። እንደገባ የጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ «ዛሬ ሰክተኸው ነበር?» ልጁም «ከምሳ በኋላ ሞክሬው ነበር፤ እየሠራ ሳለ መብራት ጠፋ» አለ። ጠጋኙ ሁለታችንንም ከጓዳው አስወጣን። ከደቂቃ በኋላ ጅራፍ የጮኸ የሚመስል ድምፅ ተሰማ፤ በበሩ ክፍተት ሰማያዊ ብልጭታ ታየ። መብራት ከጠፋ አንድ ሰዓት ሊሞላው ነበር። የልጅ ልጄ ፊቱ አመድ መሰለ።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን የምጽፈው ልጅ ለማስፈራራት አይደለም። እጁ የማያርፍ፣ ያገኘውን ሁሉ ካልፈታሁ የሚል ልጅ በየቤቱ አለ። አባትና እናት ሥራ ውለው ሲመጡ ይደክማቸዋል፤ የሚጠብቀው አያት ነው። ስለዚህ አያቶችም ሳጥኑ ውስጥ ምን እንዳለ ማወቅ አለብን።

ልጁ ምን ሊሠራ ነበር?

ቁጣችን ሲበርድ አስቀመጥኩትና ጠየቅሁት። «ለራዲዮ ማጉያ ልሠራ ነው» አለኝ። ለዘፈን የሚሆን የድምፅ ማጉያ መስሎኝ ነበር፤ አይደለም። እሱ የሚለው ከራዲዮ ማስተላለፊያ የሚወጣውን ደካማ ሞገድ አጉልቶ ሩቅ የሚልክ መሣሪያ ነው፤ ፓወር አምፕሊፋየር ይሉታል። አማተር ራዲዮ የሚባል ነገር እንዳለ በስልኩ አይቷል። በዓለም ዙሪያ ፈቃድ ያላቸው ሰዎች፣ ለንግድም ለፖለቲካም ሳይሆን ለመማርና ለመተጋገዝ፣ ከየቤታቸው በራዲዮ ይነጋገራሉ። ብዙዎቹ መሣሪያቸውን በእጃቸው ይሠራሉ። የማይክሮዌቩ ትራንስፎርመር ለዚህ ይሆናል የሚል ነገር አንብቦ፣ ዕቃውን ሥራ ካቆመ ሆቴል በነፃ አምጥቶታል።

«ለምን ፈለግኸው?» አልኩት። መሬት መሬት እያየ መለሰልኝ። «ያኔ ስልክ ሲጠፋ ጊዜ…»

ከዚህ በላይ መናገር አላስፈለገውም። በ2013 ክረምት ጦርነቱ ላሊበላ ሲደርስ መብራቱም ስልኩም ተቋረጠ፤ ለወራትም አልተመለሰም። እናቱ አዲስ አበባ ነበረች። እኛ መኖራችንን እሷ አታውቅም፤ እሷ ምን ላይ እንዳለች እኛ አናውቅም። ልጁ ያኔ ገና 12 ዓመቱ ነበር። ማታ ማታ የሞተውን ስልክ ታቅፎ ይተኛ ነበር። እኔ የረሳው መስሎኝ ነበር። እሱ ግን አራት ዓመት ሙሉ መፍትሔ ሲፈልግ ከርሟል። ይህን ስሰማ «ዳግመኛ ዕቃ እንዳትነካ» ልለው ያዘጋጀሁት ቃል ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

እኔም ራዲዮ አውቃለሁ

በ1977ቱ ድርቅ ዲፕሎማዬን ከያዝኩ ብዙም አልቆየሁም ነበር። ወሎ ውስጥ በአንድ የእርዳታ ጣቢያ እሠራ ነበር። ከውጭ ጋር የምንገናኘው በመኪና ባትሪ በሚሠራ የመገናኛ ራዲዮ ነው። አንድ ቀን ተቅማጥ በዝቶ 400 ከረጢት ግሉኮስ እንዲላክልን አስነገርን። ድምፁ በጩኸትና በፉጨት መሐል እየተቆራረጠ ነበርና በሌላው ጫፍ ያለው ሰው 100 ብሎ ጻፈ። የመጣው 100 ነው። በዚያ ሳምንት ለማን ሰጥተን ማንን እንደምናስቀር የመረጥንበትን ቀን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

የራዲዮ ኦፕሬተሩ ያደረገውንም አልረሳም። እኛ «ጉልበት ያለው ራዲዮ ይላክልን» እያልን ስንማረር እሱ መሰላል ተሸክሞ ወጣ። የአንቴናው ሽቦ በእርጥብ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ተጋድሞ ነበር። አንሥቶ በሁለት ባሕር ዛፎች መካከል ወጠረው። በማግሥቱ በዚያው ራዲዮ፣ በዚያው ባትሪ፣ ድምፃችን ጥርት ብሎ ተሰማ።

ይህን ለልጁ ነገርኩት። አዲስ አበባ ምህንድስና የተማረ የወንድሜ ልጅ አለ፤ በስልክ አገናኘሁት። እሱም ሳይውል ሳያድር ያንኑ ነገር በቁጥር አስረዳው።

ጉልበት ወይስ ከፍታ?

የወንድሜ ልጅ የነገረንን በቤታችን ቋንቋ ላስረዳ። ማጉያ ኃይል አይፈጥርም። ትልቁ ቧንቧ ባትሪው ነው፤ ደካማው ሞገድ ቧንቧውን የሚከፍትና የሚዘጋ ጣት ነው። ትንሿ ጣት በተንቀሳቀሰች ቁጥር ትልቁ ውኃ እንደ እሷ ይንቀሳቀሳል። ቧንቧው ዱሮ እንደ አምፖል የሚያበራ ቱቦ ነበር፤ ዛሬ ትራንዚስተር ነው። ብዙ ጀማሪዎች አይአርኤፍ510 የሚባለውን ርካሽ ትራንዚስተር ጥንድ አድርገው፣ 5 ዋቱን ወደ 50 ዋት ገደማ ያሳድጉበታል። ከባትሪው የሚወጣው ግን በግምት እጥፉ፣ 100 ዋት ያህል ነው፤ በ12 ቮልት ባትሪ ስምንት አምፔር ግድም ማለት ነው። ቀሪው ግማሽ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ትራንዚስተሩ ወፍራም አሉሚኒየም ላይ ይታሰራል፤ ያለዚያ በጥቂት ሰኮንድ ይቃጠላል።

ከማጉያው የሚወጣው ሞገድ ደግሞ ንጹሕ አይደለም። ሁለት እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ የሆኑ ትርፍ ሞገዶች ይከተሉታል፤ የሌላ ሰው መገናኛ ውስጥ ገብተውም ይረብሻሉ። በሽቦ ጥቅልሎችና በካፓሲተሮች የሚሠራ ወንፊት መጨረሻ ላይ ይገባል፤ እንክርዳዱን አስቀርቶ ዱቄቱን ብቻ ያሳልፋል። ያለ ወንፊት የተሠራ ማጉያ ጎረቤት የሚበጠብጥ ነገር ነው።

ልጁን ያስደነገጠው ቀጥሎ የመጣው ነው። በተቀባዩ ራዲዮ መለኪያ ላይ አንድ ደረጃ ብቻ ለመጨመር ጉልበትን አራት እጥፍ ማድረግ ያስፈልጋል። 5 ዋትን 50 ዋት ማድረግ ሁለት ደረጃ እንኳ አይሞላም። ጥሩ ሽቦ በጥሩ ቦታ መስቀል ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ በላይ ይሰጣል፤ ዋጋው ትንሽ ነው፤ ሰውም አይገድልም።

የእኛ የላስታ ተራሮችስ? ስልክ በየማማው እየተቀባበለ ስለሚሄድ ተራራ ያግደዋል። በአጭር ሞገድ የሚሠራው ራዲዮ ግን ወደ ሰማይ ወጥቶ፣ በላይኛው አየር ካለው አዮኖስፌር ከሚባለው ንብርብር ተመልሶ ይወርዳል። ቀን በ7 ሜጋኸርዝ አካባቢ፣ ርዝመቱ 20 ሜትር በሆነና መሐሉ ላይ በተከፈለ ሽቦ፣ ሞገዱ ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ወጥቶ በጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ዙሪያ ይወርዳል። ከላሊበላ አዲስ አበባ በአየር 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አቡነ ዮሴፍ ከ4,000 ሜትር በላይ ቢሆንም ከላዩ ያልፋል። ብዙ ጉልበትም አይጠይቅም።

በሀገራችን ማን ይሠራዋል?

ራዲዮ ለእኛ ትውልድ እንግዳ አይደለም። በ1955 አዲስ አበባ ላይ የተከፈተውን የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ጣቢያ የምታስታውሱ ትኖራላችሁ፤ እያንዳንዳቸው 100 ኪሎ ዋት በሆኑ ሁለት የአጭር ሞገድ ማስተላለፊያዎች ነበር ድምፁን ወደ አፍሪካና እስያ የሚልከው። በ1969 ደርግ ወረሰው። በዚያ ዘመን የግል ማስተላለፊያ ይዞ መገኘት ምን እንደሚያስከትል ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ለዚህም ነው የልጅ ልጄ «ማስተላለፊያ» ሲል መጀመሪያ የፈራሁት ኤሌክትሪኩን ሳይሆን ሰዉን ነው።

ዛሬ በሕግ የሚሠራበት መንገድ አለ። የኢትዮጵያ አማተር ራዲዮ ማኅበር አለ፤ የዓለም አቀፉ የአማተር ራዲዮ ኅብረት አባል ነው። ጣቢያው አዲስ አበባ አምስት ኪሎ፣ በቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ ውስጥ ነው፤ በአየር ላይ የሚጠራበት ስም ኢቲ3ኤኤ ነው። ተማሪዎች እዚያ ከሌሎች ሀገር አማተሮች ጋር ይነጋገራሉ። የራዲዮ ሞገድን የሚቆጣጠረው ደግሞ በ2011 በወጣው አዋጅ ቁጥር 1148 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ያለ ፈቃድ ማስተላለፍ ሕግ መተላለፍ ነው፤ በእኛ አካባቢ ደግሞ በክፉ ዓይን ያስጠረጥራል። ማንም ወላጅ «ልጅ ነው፣ ይጫወት» ብሎ ማለፍ የለበትም። ከመግዛትም ከመሥራትም በፊት መጠየቅ ይገባል።

ሥራው ከንቱ ጨዋታ እንዳልሆነ ግን አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2004 በሕንድ ውቅያኖስ ሱናሚ ሲነሣ፣ ባራቲ ፕራሳድ የተባለች ሕንዳዊት አማተር ከባልደረቦቿ ጋር በአንዳማን ደሴቶች ራዲዮዋን ተክላ ነበር። የስልክ መስመር ሲቋረጥ ጨዋታውን ትታ የሰዎችን መልእክት ማስተላለፍ ጀመረች። ብዙ ቤተሰብ «በሕይወት አለሁ» የሚለውን ቃል የሰማው በዚያ ራዲዮ ነው። ይህን ለልጁ ሳነብለት ዝም ብሎ ብዙ ቆየ።

ነርስ እንደመሆኔ፦ አደጋው የት ነው?

አሁን ወደ እኔ ሙያ ልመለስ። እነዚህን ነጥቦች ራዲዮ ባይኖርም አሮጌ ቴሌቪዥን ያለበት ቤት ሁሉ ይያዛቸው።

አንደኛ፣ የቤታችን መብራት 220 ቮልት ነው። የማይክሮዌቭ ትራንስፎርመር ይህንን ወደ 2,000 ቮልት ገደማ ያደርሰዋል፤ ሰው ለመግደል ከሚበቃው በላይ የሆነ ጉልበትም አለው። ልብን ሊያቆም የሚችለው ከአንድ አምፔር አንድ አሥረኛ እንኳ ያነሰ ነው። የቱቦ ማጉያዎችም በዚሁ መጠን ከፍተኛ ቮልት ይሠራሉ። ልምድ ያለው ሰው አጠገቡ ሳይኖር ለወጣት የሚሆን ሥራ አይደለም፤ ነጥቡ ይኸው ነው።

ሁለተኛ፣ ካፓሲተር የሚባለው ዕቃ ኤሌክትሪክ ያጠራቅማል። ቀስ በቀስ እንዲያፈስ የሚያደርግ ትንሽ ክፍል ይደረግለታል፤ ይህ ከተበላሸ ግን መብራት ጠፍቶም፣ ከሶኬት ተነቅሎም ይናደፋል። በእኛ ጓዳ የሆነው ይኸው ነው።

ሦስተኛ፣ «መብራት የለም» ዋስትና አይሆንም፤ ሳይታሰብ ይመጣል። ዕቃው ከሶኬት ካልተነቀለ እንዳለ ቁጠሩት።

አራተኛ፣ የ12 ቮልት ባትሪ አይነዝርም፤ ነገር ግን ያቃጥላል። ቀለበት ወይም የብረት አምባር የባትሪውን ሁለት ጫፍ ካገናኘ ግሎ ጣት ላይ ይጣበቃል። ይውለቅ። ከባትሪው አጠገብ ፊውዝ ይግባ። ባትሪ ሲሞላ የሚወጣው ጋዝ ስለሚቀጣጠል ክፍሉ አየር ያግኝ።

አምስተኛ፣ በሚያስተላልፍ አንቴና ጫፍ ላይ እጅ ማድረግ ትንሽ የምትመስል፣ ውስጧ ግን ጥልቅ የሆነች ቃጠሎ ታስከትላለች። ሽቦው ከመብራት መስመር ይራቅ። ክረምት ላይ ነጎድጓድ ሲመጣ ሽቦው ከራዲዮው ይነቀል፤ የላስታ መብረቅ ቀልድ አያውቅም።

ስድስተኛ፣ ለማጣበቅ የሚቀልጠው ሶልደር ብዙ ጊዜ እርሳስ አለበት። መስኮት ይከፈት፤ ከሥራ በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠብ፤ ሕፃናት ባሉበትና ምግብ በሚቀርብበት ጠረጴዛ ላይ አይሠራ። አንዳንድ የኃይል ትራንዚስተርና ቱቦ ውስጥ ያለው ነጭ ሸክላ መሰል ነገር ዱቄቱ ሳንባ ይመርዛል፤ አይሰበር፣ አይፋቅ።

ኤሌክትሪክ ከያዘውስ?

በመጀመሪያ ሰውየውን አትንኩ። መብራቱን ከቆጣሪው አጥፉ። ማጥፋት ካልተቻለና የቤት መብራት ከሆነ፣ ደረቅ ነገር ላይ ቆማችሁ በደረቅ እንጨት ሽቦውን ግፉ። የመንገድ ከፍተኛ መስመር ከሆነ ግን አትጠጉ።

ከተለቀቀ በኋላ ጥሩት፣ ትንፋሹን እዩ። የማይመልስና በትክክል የማይተነፍስ ከሆነ አንድ ሰው እርዳታ ይጥራ፤ ሌላው ደረቱ መሐል ላይ ሁለት እጁን ደራርቦ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ ሳያቋርጥ ይጫን። ቢደክመው ይቀያየሩ።

ቃጠሎውን በሚፈስ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ 20 ደቂቃ አቀዝቅዙ። ቅቤ፣ እንቁላል፣ የጥርስ ሳሙና፣ ቡና አይቀባ፤ በሥራ ዘመኔ ይህን እየጠረግሁ ስንቱን ሕመምተኛ አስለቅሻለሁ! በመጨረሻም «ደህና ነኝ» ቢል እንኳ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። ኤሌክትሪክ ቆዳው ላይ ትንሽ ነጥብ ትቶ ውስጡን ጡንቻና የልብ ምት ሊጎዳ ይችላል።

የተስማማንበት

መከልከል ቀላል ነበር። ነገር ግን ከለከልኩት እንበል፤ ከእኔ ተደብቆ፣ በሌላ ሰው ጓዳ፣ ኮሌታውን የሚስብ ሰው በሌለበት ይሠራዋል። ስለዚህ ተደራደርን።

ማይክሮዌቩ ቀረ፤ ከዚህ በኋላ ሥራው በሙሉ በባትሪ ብቻ ነው። ብቻውን ቤት ሲሆን አይሠራም። የሚሠራውን ለወንድሜ ልጅ በፎቶ ልኮ «ይሁን» ሳይባል ባትሪ አያገናኝም። ፈቃድ እስኪያገኝ ድረስ ማስተላለፍ የሚባል ነገር የለም፤ የሚያዳምጥ ብቻ ነው። እኔም በበኩሌ ቃል ገባሁ፤ ሲያጠፋ ቢነግረኝ አልጮህበትም።

በዚያው ሰሞን ከጠጋኙ ጋር ሆነው ጓሮ ካሉት ሁለት ባሕር ዛፎች ሽቦ ወጠሩ። በአሮጌ የአጭር ሞገድ ራዲዮ ማታ ማታ የሩቅ ሀገር ጣቢያ ያዳምጣል፤ የሰማበትን ቀን፣ ሰዓትና ሞገድ በደብተር ይመዘግባል። ዘንድሮ ክረምት እናቱ ዘንድ ሄዶ አምስት ኪሎ ድረስ ወስደው አሳይተውታል። ከዚያ ወዲህ ስለ ማጉያ የሚያወራው ቀንሷል፤ ስለ ፊዚክስ ፈተና የሚያወራው ጨምሯል። የማጉያውን ንድፍ ግን ደብተሩ መጨረሻ ላይ በንጽሕና ስሎታል። «ፈቃድ ሳገኝ» የሚል ከላይ ጽፎበታል።

የማይክሮዌቩ ትራንስፎርመር ለብቻው ወጥቶ አሁን የጓዳ በር መደገፊያ ሆኗል። ከባድ ስለሆነ ለዚያ ጥሩ ነው።

ባለፈው ሳምንት እንደገና መብራት ጠፋ። ልጁ የራዲዮውን ቻርጀር አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ምን እንደሚያደርግ በዓይኔ ጥግ አየሁት። ተነሥቶ መጀመሪያ ከሶኬቱ ነቀለው። ከዚያ ነው ወደ እኔ ዞሮ «መብራት የለም፣ እማማ፤ ቡናውን ከሰል ላይ ላድርግልዎ?» ያለኝ።

ቸር ያሰንብተን።